ቅጂ ወይስ ኩረጃ?

በየዓመቱ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጋመስ በስቱዲዮአችን አንድ የማይቀር ክርክር ይነሳል። የዘይት ቀለም ፖርትሬት ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ከጥንታውያን ታላላቅ ሥራዎች አንዱን መርጦ እንዲቀዳ ይታዘዛል። ግማሹ ተማሪ "የሰው ሥዕል መገልበጥ ምን ይፈይድልኛል? የራሴን ልፈጥር አይደል እንዴ የመጣሁት?" እያለ ያጉረመርማል። ሌላው ግማሽ ሥራውን በደስታ ይቀበልና ሸራው ቁርጥ ዋናውን እስኪመስል ድረስ ይደክማል፤ ማርኩን ይወስዳል፤ ሥዕሉንም ቤተሰቡ ሳሎን ውስጥ ይሰቅለዋል። በኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጉዳይ አልነኩትም።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከኛ ይልቅ ያሰበበት ይመስለኛል። "ቀዳ" የሚለው ቃል ለውሃም ለጽሑፍም ያገለግላል። ከምንጭ ውሃ የቀዳች ሴት ምንጩን ነቅላ አትሄድም፤ በራሷ እንስራ፣ ለራሷ ቤት የሚበቃትን ይዛ ትመለሳለች። ፈተና ላይ ከጎረቤቱ ወረቀት ላይ መልስ የሚወስደውን ተማሪ ግን "ቀዳ" አንለውም፤ "ኮረጀ" ነው የምንለው። ኮራጅ መልሱን እንጂ አሠራሩን አይዝም። ጥያቄው ትንሽ ተለውጦ ከመጣ አለቀለት።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ክላሲካል ሥራ መቅዳት ፖርትሬት ለመማር ትልቅ መንገድ ነው፤ መቅረትም የለበትም። ዲፓርትመንታችን አሁን በሚያርምበት አካሄድ ግን የሚሸለመው ኩረጃው ነው። አብዛኛው ማርክ የሚሰጠው ለመመሳሰል ነውና። ቀለሙ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጠ የሚጠይቅ የለም። ተማሪው በዚያ ትምህርት በሚቀጥለው ሳምንት የጓደኛውን ፊት መሳል ይችል እንደሆነም የሚፈትን የለም።

የየትኛው ሰው ፊት?

መጀመሪያ ስለ ምርጫው ልናገር። ስቱዲዮአችን ውስጥ ለቅጂ የሚሰጡን የታተሙ ምስሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ፊታቸው ነጭና ሮዝ የሆኑ የአውሮፓ ሰዎች ናቸው። ምስሎቹ ድንቅ ናቸው፤ በዚያ አልከራከርም። ነገር ግን ከነሱ የምንማረው የቆዳ ቀለም አቀማመም እናቶቻችንን፣ ወንድሞቻችንንና መንገድ ላይ የምናገኘውን ሰው ለመሳል በቀጥታ አይሠራም። አማርኛ "ቀይ"፣ "የቀይ ዳማ"፣ "ጠይም"፣ "ጥቁር" ብሎ የለያቸውን ፊቶች እኛ ሠዓሊ ነን የምንለው ሰዎች በአንድ ቡናማ ቱቦ ልንገላገላቸው እንሞክራለን። በየዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው ኤግዚቢሽን ላይ ጭቃ የመሰሉ ፊቶች የሚበዙት ለዚህ ይመስለኛል። ተማሪው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የተማረው ቅመም ለሌላ ወጥ የታሰበ ስለሆነ ነው።

እኔ የመረጥኩት ዲየጎ ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ውስጥ የሳለውን የሁዋን ደ ፓሬሃን ፖርትሬት ነው። ፓሬሃ በደቡብ ስፔን አንቴኬራ የተወለደ፣ የአፍሪካ ዘር ያለው ጠይም ሰው ሲሆን በቬላስኬዝ ስቱዲዮ ውስጥ በባርነት ያገለግል ነበር። ቬላስኬዝ የሊቀ ጳጳሱን የኢኖሰንት 10ኛን ፖርትሬት ሊሠራ ሲዘጋጅ እጁን ያሟሸው በዚህ ሥዕል እንደነበር ይነገራል። ሥዕሉ በመጋቢት 1650 ፓንቴዮን ውስጥ ለሕዝብ ታይቶ አድናቆት አትርፏል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ቬላስኬዝ ፓሬሃን ነፃ የሚያወጣ ሰነድ ፈረመ፤ ሰነዱ ግን ተጨማሪ አራት ዓመት እንዲያገለግል የሚያስገድድ ነበር።

ሥዕሉ ዛሬ የሚገኘው ኒውዮርክ በሚገኘው በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ውስጥ በጨረታ ሲሸጥ ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። መቼም የኛ ተማሪ ኒውዮርክ ሄዶ ኢዝሉን አይተክልም። ደግነቱ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2017 የቅጂ መብት የማይመለከታቸውን ሥራዎቹን ምስሎች ማንም ሰው በነፃ እንዲጠቀምባቸው ፈቅዷል። ስለዚህ በጣም ጥራት ያለውን ምስል አውርዶ የቅንድቡን ፀጉር ሳይቀር በኮምፒዩተር አጉልቶ ማየት ይቻላል።

ሸራው ላይ የሆነው

ዋናው ሥዕል 81 በ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እኔ መጠኑን ጠብቄ ወደ 60 በ52 አሳነስኩት። ሸራ ያልኩት አቡጀዲ ነው፤ የሁላችንም ኪስ ይታወቃል። አቡጀዲውን ኮላ ቀብቼ፣ በነጭ መሠረት ሸፍኜ፣ ከደረቀ በኋላ ግራጫ ወደ ቡኒ የሚያደላ ስስ ቀለም አለበስኩት። ነጭ ሸራ ላይ ጠይም ፊት ሲጀመር እያንዳንዱ ቀለም ከመጠን በላይ ጨለማ መስሎ ስለሚታይ ዓይን ይሳሳታል። መካከለኛ መሠረት ላይ ግን ብርሃኑንም ጥላውንም ከመጀመሪያው ማመዛዘን ይቻላል።

ፓሌቴ ላይ ያስቀመጥኩት ስድስት ቀለም ብቻ ነው። ነጭ፣ የሎ ኦከር፣ በርንት ሲየና፣ አንድ ቀይ፣ ሮው አምበርና አይቮሪ ብላክ። ሰማያዊ የለበትም። ቬላስኬዝ ይጠቀምበት የነበረው ነጭ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራና መርዛማ ነው፤ ዛሬ በእጃችን የሚገኘው ቲታኒየም ነጭ ደግሞ ያኔ አልነበረም። የኛው ነጭ ይበልጥ ይሸፍናል፣ ይበልጥም ቀዝቃዛ ነው። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ቱቦው ራሱ የተለየ ሆኖ ሳለ "ቁርጥ ዋናውን" መምሰል እንዴት የማርክ መለኪያ ይሆናል? በዚያ ላይ ያው ምስል በፎቶ ቤት ሲታተም ወደ ቀይ ያጋድላል፤ በኮምፒዩተር ሲታይ ወደ አረንጓዴ። መምህሩ የሚያመሳስለው ከየትኛው ጋር ነው?

ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም፤ ሊቀዳ የሚገባውም እሱ ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ያ በየቤታችን ለጾም የምንጠጣው ተልባ፣ ዘይቱ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ የታችኛው ሽፋን በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው ደግሞ ዘይት የበዛበት መሆን አለበት። ይህ ካልተጠበቀ ቀለሙ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። እኔም መጀመሪያ በአምበር ብቻ ብርሃንና ጥላውን ለየሁ። ዓይን የለም፣ ከንፈር የለም፤ የጭንቅላቱ ቅርጽና ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ብቻ። እሱ ሲደርቅ ወደ ቆዳው ገባሁ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግንባሩ ላይ ነው። ጠይም ፊት ላይ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ለመሳል ብዙዎቻችን ቡናማውን ወስደን ነጭ እንጨምርበታለን። በትርፍ ካርቶን ላይ ሆን ብዬ ሞክሬ አየሁት፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ፊት ነው የሚሆነው። ጥላውን በጥቁር ብቻ ሲያጨልሙት ደግሞ ጥላሸት ይመስላል። የፓሬሃ ግንባር ላይ ያለው ብርሃን ግን ነጭ የተጨመረበት ቡናማ አይደለም፤ ቀዝቀዝ ያለ ግራጫ ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ ተደባልቀው የሚሰጡት ግራጫ ከሞቃት ቡናማ አጠገብ ሲቀመጥ ለዓይን ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ጠይም ቆዳ ብርሃኑን እንደ መስተዋት መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ያ ነጥብ የቆዳውን ቀለም ሳይሆን የመስኮቱን ቀለም ነው የሚይዘው። የቆዳው እውነተኛ ቀለም ያለው ከብርሃኑና ከጥላው መካከል ነው፤ ቀዩና ኦከሩ በደንብ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። ጥላው ደግሞ ስስና ሞቃት ነው፤ ከሥሩ የሸራው መሠረት ያያል።

ይህን ማንም በቃል ሊነግረኝ ይችል ነበር፤ መጽሐፍም ሳይኖር አይቀርም። ግን ግራጫውን ራሴ ቀምሜ፣ ግንባሩ ላይ አሳርፌ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ሳየው አጥንቱ ከሸራው ወጣ። እጅ እንዲህ የተማረውን ነገር ቶሎ አይረሳውም። ነጩ የአንገት ልብስም እንዲሁ ነው። ቀርበው ሲያዩት የተዝረከረከ ብሩሽ ነው፤ ራቅ ብለው ሲያዩት ዳንቴል። ቬላስኬዝ የዳንቴሉን ቀዳዳ ሁሉ አልቆጠረም፤ የቱ መነገር እንዳለበትና የቱ መተው እንዳለበት ነው የወሰነው። መመሳሰልን የሚያሳድድ ቀጂ ቀዳዳውን ይቆጥራል፤ ውሳኔውን ግን ያልፈዋል።

ከፓሬሃ ወደ አባባ

ቅጂው እንዳለቀ፣ ፓሌቱን ሳልቀይር፣ ብርሃኑም ከዚያው አቅጣጫ እንዲመጣ አድርጌ በሕይወት ያለ ሰው ለመሳል ወሰንኩ። ኮርሱ ይህን አይጠይቅም። የግቢያችን ጥበቃ የሆኑ አንድ አባት ከተረኛቸው በኋላ ለሦስት ቀን ተቀመጡልኝ። በሁለተኛው ቀን ተነስተው ሸራውን ጠጋ ብለው አዩና፣

"ልጄ፣ ይሄ አመድ ግንባሬ ላይ ምን ይሠራል?" አሉኝ።

"አባባ፣ የመስኮቱ ብርሃን ነው። እስቲ ትንሽ ራቅ ብለው ይዩት።"

ራቅ ብለው ዝም አሉ። ከዚያ "አሃ፣ ፀሐይ ያገኘው ግንባር! በል እሱስ እውነት ነው" ብለው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ።

የአባባ ፊት ከፓሬሃ ይጠቁራል፤ ጉንጫቸው ጎድጓዳ ነው፤ ጢማቸው ሸብቷል። ከቅጂው አንድም ቀለም እንዳለ ማስተላለፍ አይቻልም ነበር፤ ሁሉም እንደገና መቀመም ነበረበት። አካሄዱ ግን ሠራ፤ መካከለኛ መሠረት፣ ስስ ጥላ፣ መሃል ላይ ሞቃት ቆዳ፣ መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ ብርሃን። ሽበቱ ላይ ያለው ግራጫና ግንባሩ ላይ ያለው ግራጫ አንድ እንዳልሆኑ ለማየት ሙሉ ቀን ወሰደብኝ፤ እሱ ቬላስኬዝ ውስጥ አልነበረም። እንስራውን ይዤ ወደ ቤት ስመጣ ማለት ይህ ነው።

ለሚቃወሙ ወገኖች

"መቅዳት የራስን ድምፅ ያጠፋል" የሚለውን ስጋት አልንቀውም። ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚለው። ሩበንስ እ.ኤ.አ. በ1628 ማድሪድ ሲሄድ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ስሙ በአውሮፓ የገነነ ሠዓሊ ነበር፤ እዚያም ቁጭ ብሎ የቲሺያንን ሥራዎች ቀዳ። ያኔ ቬላስኬዝ ገና ወጣት የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆኖ ከሩበንስ ጋር ተገናኝቷል። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1957 የቬላስኬዝን "ላስ ሜኒናስ" መነሻ አድርጎ 58 ሥዕሎች ሠራ፤ አንዱንም አይቶ "ይህ የቬላስኬዝ ነው" የሚል አይገኝም። ፍራንሲስ ቤከንም የኢኖሰንት 10ኛን ፖርትሬት ደጋግሞ የሠራው ከታተመ ምስል ተነስቶ ነው። ድምፅ የሚጠፋው ተማሪው የቀዳውን ይዞ ወደ ራሱ ዓለም ካልሄደ ብቻ ነው።

"ለምን የፈረንጅ ሥራ? የራሳችን የለንም ወይ?" የሚሉም አሉ። አለን እንጂ! የራሳችን የሥዕል ታሪክ ራሱ ደግሞ የመቅዳት ታሪክ ነው። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኩል ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ሠዓሊዎቻችን ለትውልድ ቀድተዋታል። እጆቿን ያጣመረችበት አቀማመጥ ከሮም ነው፤ ዓይኗ፣ መስመሩና ቀለሙ ግን የኛ ሆኗል። "ኵርዐተ ርእሱ" የሚባለውም የክርስቶስ ሥዕል የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ሳይሄድ በፊት የኛ ሠዓሊዎች ደጋግመው ቀድተውታል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደቀ መዝሙርም የሚጀምረው የመምህሩን እጅ በመከተል ነው። አባቶቻችን መቅዳትን አልፈሩም። ግን በቀዱት ላይ ቆመው አልቀሩም።

ራሱ ፓሬሃም ምስክር ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ከቬላስኬዝ ብሩሽ አጠገብ የኖረ ሰው ራሱም ሠዓሊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1661 የሠራው "የቅዱስ ማቴዎስ መጠራት" የተባለ ትልቅ ሥዕል ዛሬ ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፤ በግራ በኩል ጥግ ላይ ራሱን ቆሞ ስሎታል። አሳሳሉ ግን የጌታውን አይመስልም፤ ደማቅና ዝርዝር የበዛበት ነው። ከማንም በላይ ቀርቦ ያየው ሰው የራሱን መንገድ ከሄደ፣ እኛ በአንድ ሴሚስተር ቅጂ ድምፃችን ይጠፋል ብለን የምንሰጋበት ምክንያት አይታየኝም።

ምን ይደረግ?

መተቸት ቀላል ስለሆነ ሦስት ሐሳብ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የማርክ አሰጣጡ ይቀየር። ከመቶው 30 ለቅጂው፣ 30 ለሥራ ማስታወሻ፣ 40 ደግሞ ከቅጂው በኋላ ለሚሳል ሕያው ሰው ይሁን። ማስታወሻው ተማሪው በየቀኑ ምን እንዳስቀመጠ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ለምንም እንደሆነ የሚጽፍበት፣ በሞባይል ያነሳቸውን የየደረጃውን ፎቶዎች የሚያያይዝበት ይሁን። ኮራጅ ሥዕሉን ሊያመሳስል ይችላል፤ ማስታወሻውን ግን ሳይሠራ አይጽፈውም።

ሁለተኛ፣ በግምገማ ቀን ሁለቱ ሸራዎች ጎን ለጎን ይሰቀሉ። ቅጂው ብቻውን ሲሰቀል የምናደንቀው ቬላስኬዝን ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰቀሉ ግን ተማሪው ምን ይዞ እንደተሻገረ በግልጽ ይታያል። ለሞዴል የሚከፈል በጀት የለም እንደሚባል አውቃለሁ፤ እርስ በርሳችን ተራ በተራ መቀመጥ እንችላለን።

ሦስተኛ፣ የምስሎቹ ክምችት ይስፋ። ፓሬሃ ይግባ። ሩበንስ የአንድን ጥቁር ሰው ጭንቅላት በአራት አቅጣጫ ያጠናበት ብራሰልስ የሚገኘው ሥራ ይግባ። ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1661 የሳላቸው ሁለቱ አፍሪካውያን ይግቡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በከተማችን ሙዚየሞች የሚገኙትን የኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች የዘይት ቀለም ሥራዎች ፊት ለፊት ቆመን እንድንቀዳ ዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ይጻፍልን። የታተመ ምስል የብሩሹን ውፍረት አያሳይም፤ ዋናው ሥራ ግን ያሳያል። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ከተከፈተ ጊዜ ጀምሮ ቀጂዎች በፈቃድ ኢዝላቸውን እየተከሉ ይሠራሉ፤ የሚጠየቁት ቅጂው ከዋናው በመጠን እንዲለይ ነው። እኛም ይህንኑ ደንብ አክብረን መሥራት አያቅተንም።

ይህ ሁሉ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው መምህሮቻችን ሸራችን ፊት ሲቆሙ "ይመስላል ወይ?" ከማለት ይልቅ "መጀመሪያ ምን አስቀመጥክ? ለምን?" ብለው እንዲጠይቁን ነው። እኛም ተማሪዎች መልስ ይዘን እንድንጠብቃቸው ነው። ሐሳቤን የማይቀበል ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ፤ ብቻ ከመጻፉ በፊት አንድ ጠይም ግንባር በነጭና በቡናማ ብቻ ስሎ ይሞክርልኝ።